ቀ ገባሁ

ልጅቷ ቁርሷን ቆማ በላች። ዳቦውን በግራ እጇ፣ የሻይ ብርጭቆውን በቀኟ ይዛ፣ ጀርባዋን ለቁም ሳጥኑ ሰጥታ፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳትነቅል ነው የምትጎርሰው። ጠረጴዛው ዙሪያ አራት ወንበር አለ፤ ሦስቱ ላይ ሰው ተቀምጧል፣ አራተኛው ባዶውን ነው። ለምን እንደቆመች የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ያውቃል። አባቷ ትናንት ከሥራ ገብቶ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር በውሃ ቱቦ ገርፏታል፤ ግቢውን በሚያጠጡባት በአረንጓዴዋ ቱቦ፣ ለሁለት አጥፎ። የጭኗ የኋላ በኩል ተተልትሎ አብጧል። ጠዋት እናቷ ቫዝሊን ቀብታታለች።

«ቁጭ ብለሽ ብዪ» አላት አባቷ፣ ዳቦውን እየቆረሰ። ልጅቷ ወንበሩን ሳብ አድርጋ ጠርዙን በመቀመጫዋ ነካ አደረገችውና መልሳ ተነሳች። እናትየዋ ተነስታ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች፤ ታጥቦ የተደፋውን ብርጭቆ። ሦስተኛው ሰው የእናትየዋ ታናሽ ወንድም ነው። ፀጉር አስተካካይ ነው፣ እነሱ ጋ ተጠግቶ መኖር ከጀመረ ዓመት አልፎታል፤ ወሬ የማያልቅበት፣ መላጣ ደንበኛውን ሳይቀር አስቆ የሚሸኝ ሰው። ዛሬ ግን ሻዩ ውስጥ የወደቀበት ነገር ያለ ይመስል ብርጭቆው ላይ አቀርቅሮ ቀርቷል።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከአንዲት ፊደል ነው። ትምህርት ቤቱ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አዲስ አሠራር ጀምሯል። ከእረፍት በኋላ ባለችው አንድ ሰዓት ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉት ልጆች ሁሉ ክፍላቸውን ትተው ይደበላለቁና በሂሳብ ችሎታቸው ይመደባሉ። ጢሙ ብቅ ብቅ ያለ የአምስተኛ ክፍል ጎረምሳ ከአንዲት የሦስተኛ ክፍል ሚጢጢ ጎን ተቀምጦ አብሯት ይቆጥራል። ምድቦቹ ስም የላቸውም፣ ፊደል ብቻ ነው ያላቸው። ትናንት ልጅቷ በእጇ ጀርባ ላይ በቀይ ማርከር ትልቅ «ቀ» ተጽፎባት፣ ቦርሳዋ እየተንገላታ፣ «አባዬ፣ ቀ ገባሁ!» እያለች ሮጣ ገባች። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የምሥራች መስሏት ነበር።

አባትየው ቀ ምን እንደሆነ ጠየቀ። አባትየውን ሰፈሩም ሥራ ቤቱም «ብረቱ» ነው የሚለው፤ በያጅ ስለሆነ ብቻ እንዳልሆነ እጁን የቀመሰ ያውቃል። ልጅቷ አፏን ከመክፈቷ አጎቷ ቀደማት። «ቀሽም ነዋ» አለ። ፀጉር ሊቆረጡ የሚመጡ ልጆች ወንበሩ ላይ እየተገፋፉ ሲሰዳደቡ ሰምቷቸዋል፤ ደ ደደብ፣ ቀ ቀሽም፣ ባ ባዶ ይባባላሉ። ቀልዱ ጣፍጦት ራሱ ሳቀ፣ እናትየዋም ፈገግ አለች። ብረቱ አልሳቀም። ተነስቶ ወጣና ቱቦዋን ይዞ ተመለሰ። እናትየዋ በሦስተኛው ምት ላይ ክንዱን ያዘች፤ በክርኑ ገፍቷት ትከሻዋ ከበሩ መቃን ተላተመ። ከዚያ ወዲያ የያዘው የለም። ልጅቷ እየተመታች «ቀ… ቀ…» ትል ነበር፣ ቃሉ አልወጣ ብሏት። አባቷ ቀሽም መሆኗን ያመነች መስሎት ምቱን አበዛው። አጎትየው ቀልዴን ነው ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ ቱቦዋ ወደ እሱ የምትዞር መሰለውና ቃሉን ዋጠው። ዛሬም ሻዩን የሚጠጣው ያንን እንደዋጠ ነው። ፈሪ ነው እንጂ ክፉ አይደለም፤ ለልጅቷ ግን ልዩነት የለውም።

ብረቱ አፉን ጠረገና ዛሬ ትምህርት ቤት እንደሚሄድ ተናገረ። ከዚያ ምድብ ስሟን ካላስፋቀ፣ ያንንም በልጁ እጅ ላይ ስድብ የጻፈ መምህር ካላሳየው፣ ሰው አለመሆኑን እንዲያውቁት አለ። ሚስቱ ጀርባዋን እንደሰጠችው ብርጭቆውን ማሸቷን ቀጠለች። ያን ጊዜ ነው ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ያለችው።

«አባዬ፣ አትምጣ» አለች።

ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር፤ ልመናም አይመስልም። ብረቱ በእሱ ያፈረች መሰለው። ደሙ ፈላ፤ ግን ረፍዶበት ስለነበር ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ንዴቱ መንገድ ላይም አለቀቀውም። እሱ ራሱ አራተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ደግሞ ነው ትምህርት የተወው፤ ያኔ የነበሩት መምህር ጥቁር ሰሌዳው ፊት አቁመው ቀሽም ይሉት ነበር፣ ክፍሉ ሙሉ እየሳቀ። ይህን ለሚስቱም አልነገራትም። ልጁ ያችን ቃል እጇ ላይ ተሸክማ፣ ያውም እየሳቀች ስትገባ፣ የተመታው እሱ ነበር። የተመታ ሰው ሁሉ ግን ቱቦ አያነሳም።

ሥራ ቤቱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ ጠባብ ግቢ ነው። ውስጡ ክፍት የሆነው የብረት ዘንግ፣ ቱቦላሬው፣ በቁመቱ ግድግዳውን ተደግፏል፣ ላሜራው እንደ መጽሐፍ ተደራርቧል፣ መሬቱ የብረት ብናኝ ጠጥቶ ጠቁሯል። የዛሬው ሥራ የአንድ ክሊኒክ የውጭ በር ነው፤ ቋሚዎቹና ማዕቀፉ ተበይደው አልቀው መካከሉን የሚሞሉት አግዳሚዎች ቀርተዋል። ብረቱ ሲለካ የራሱ ዘዴ አለው። ሂሳብ በቃሉ አይሠራም፤ ሜትሩን መሬት ላይ ዘርግቶ የሚቀነሰውን ያህል በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ እየቆጠረ ይመለስና ጣቱ ያረፈበት ላይ በጠመኔ ይጭራል። «እኔ በጣቴ ነው የማምነው» ይላል። ሌሎቹ ጥንቃቄ ይመስላቸዋል።

ዛሬ ግን ለመንበርከክ ትዕግሥት አልነበረውም። ቶሎ ጨርሶ ትምህርት ቤት መሄድ ነው የፈለገው። ከሁለት መቶ ሠላሳ ሁለት ላይ አርባ ስምንት ሲነሳ ስንት ነው አለ በልቡ፤ ሁለቱ ከስምንቱ አነሰበት፣ ከጎን ወሰደ፣ የወሰደውን እንደገና ወሰደ፣ አንገቱን አላበው፣ መቶ ሰባ አራት አለና መቁረጫውን አስነሳ። አራት አግዳሚ በተከታታይ ቆረጠ። ብልጭታው ጫማው ላይ እየተረጨ ጩኸቱ ትንሽ ቀለል አደረገለት። አራቱንም አንስቶ ማዕቀፉ ውስጥ ሲያጋድማቸው እያንዳንዳቸው አሥር አሥር ሴንቲ አጠሩ።

ቀለም ቀቢው ይህንን አየ። ቀጭን፣ ሁልጊዜ ጥርሱ የማይከደን ሰው ነው፤ ከብረቱ ጋር ለዓመታት አብረው ሠርተዋል፣ ይቀላለዳሉም። ክፍተቱ ውስጥ እጁን አስገብቶ እያወዛወዘ፣ ይቺኛዋ ደግሞ ለድመቷ የተተወች በር ናት ወይ ብሎ ጠየቀው። ሌላ ቀን ቢሆን ብረቱ ራሱ ይስቅ ነበር። ዛሬ እጁ ላይ የነበረውን ቱቦላሬ እንደያዘ ዞረና መታው። አንድ ጊዜ ትከሻው ላይ፣ ሁለተኛ ሰውየው ራሱን ሊከልል ያነሳው ክንድ ላይ። ትኩስ የተቆረጠ ብረት ጠርዙ ምላጭ ነው፤ የቱታውን እጅጌ ሰንጥቆ ሥጋው ውስጥ ገባ። ቀለም ቀቢው አልጮኸም፤ ክንዱን ይዞ ቁጢጥ አለና ደሙ በጣቶቹ መሐል ወደ ብረት ብናኙ ሲንጠባጠብ በግርምት ያይ ነበር። ገና ቅድም ይስቅ የነበረው አፉ እንደተከፈተ ቀርቷል።

የሥራ ቤቱ ባለቤት ከቢሮው ወጥቶ መካከል ገባ። አጭር ሰው ነው፣ ብረቱ ደረት ላይ ነው የሚደርሰው፤ ቢሆንም ቱቦላሬውን ከእጁ ነጥቆ ወረወረው። ቁስሉን በጨርቅ እየጠመጠመ፣ ብረቱን ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው፣ ካሁኗ ደቂቃ ጀምሮ እግሩ ይህን ግቢ እንዳይረግጥ ነገረው። ብረቱ የብየዳ መከላከያው ግንባሩ ላይ የተወውን ቀይ ቀለበት እንደተሸከመ፣ ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ ወጣ። የሚገርመው፣ በዚያች ሰዓት ጥፋቱ የመምህሩ መሆኑን ቅንጣት አልተጠራጠረም። ያ ሰው ልጄን ባይሰድብ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር እያለ ነው የተራመደው።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሽማግሌ ናቸው። ማንን ፈልጎ እንደሆነ ጠየቁት፣ መታወቂያም አሉት። ብረቱ የኮታቸውን ኮሌታ ጨምድዶ ከበሩ ብረት ጋር አላተማቸውና አለፈ፤ አንዱ ቁልፋቸው ተበጥሶ ጠጠሩ ላይ ተንከባለለ። እረፍቱ አልቆ ልጆቹ ወደየምድባቸው ገብተዋል። በረንዳው ላይ ባሉት አራት በሮች ላይ አራት ወረቀት ተለጥፏል፦ ደ፣ ቀ፣ ባ፣ ካ። ሁለተኛውን በር በጫማው ነው የከፈተው። በያጅ የሚጫማው ጫማ አፍንጫው ብረት ነው፤ በሩ ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ ከመስኮቱ አንዱ መስታወት ረገፈ።

ሃያ አምስት የሚሆኑ ልጆች መሬት ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። በየፊታቸው አሥር አሥር እየሆኑ በላስቲክ የታሰሩ ትንንሽ እንጨቶች አሉ። መነፅር ያደረገ ወጣት መምህር መካከላቸው ተንበርክኮ፣ ነጠላዎቹ ሲያንሱባችሁ አንዱን እስር ፍቱት እያላቸው ነበር። የብረቱ ልጅ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ መምህሩ ለምን እንደማትቀመጥ ጠይቋት ወድቄ ነው ብላዋለች። ብረቱ እንጨቶቹን እየረገጠ መካከል ገባ።

«ልጄን ቀሽም ያልካት አንተ ነህ?» አለ።

መምህሩ ከተንበረከከበት ቀና ሲል ቡጢው አገኘው። መነፅሩ ከሁለት ተከፈለ። ሁለተኛው አፍንጫው ላይ አረፈና ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ጣለው፤ ሦስተኛውን ወድቆ ነው የመታው። ልጆቹ እየጮሁ በበሩ ተጋፉ፤ አንዷ ሚጢጢ እንጨቶቿን ትታ መሄድ አቅቷት መሬቱ ላይ እየለቀመች ታለቅሳለች። የብረቱ ልጅ አልጮኸችም፣ አልሮጠችም። የመጻሕፍቱ ቁም ሳጥንና ግድግዳው መሐል ባለችው ጠባብ ቦታ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከጎን ክፍሎች ሦስት መምህራን ሮጠው መጥተው ብረቱን ከኋላ አንቀው ጎተቱት፤ አንደኛውን በክርኑ ከንፈሩን እስኪሰነጥቀው ድረስ ታገላቸው።

የርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ጠባብ ነው፤ መዝገብ የታጨቀበት መደርደሪያ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት የላስቲክ ወንበር። ፖሊስ ጠርታ ስልኩን ዘጋች። ብረቱን ወንበር ላይ አስቀምጠው ሁለቱ ትከሻውን ይዘዋል። መምህሩ አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ወትፎ፣ የመነፅሩን አንዱን ግማሽ በእጁ ይዞ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ሸሚዙ ደም በደም ነው። ርዕሰ መምህርቷ ዝም እንዲል በዓይኗ ነገረችው፤ አልሰማትም።

«ቀ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» አለ፣ በአፍንጫው መተንፈስ አቅቶት። «ደ ደማሪ ነው። ቀ ቀናሽ ነው። አባዢው ባ፣ አካፋዩ ካ። ልጅዎ ሦስት ሳምንት ደ ውስጥ ነበረች፤ ትናንት ፈተንኳት፣ አለፈች። ከአርባ ልጅ ያለፉት አራት ናቸው። እጇ ላይ የጻፍኩላት ለሽልማት ነው። ለአባዬ ካላሳየሁ አልታጠብም ብላኝ ነበር።»

ብረቱ ሰማ። መጀመሪያ የገባው ቃሉ ሳይሆን ድምፁ ነው፤ ትናንት ከቱቦዋ ሥር «ቀ… ቀ…» ሲል የነበረው ድምፅ። ቀናሽ ልትል ነበር። ልትነግረው የሞከረችውን ልጅ በእያንዳንዱ ፊደል ላይ መትቷታል። ያኔ አፈረ፤ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም፣ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ሲቆም እንኳ። ትከሻውን የያዙት ሰዎች ሰውነቱ ሲላላ ተሰምቷቸው ለቀቁት። ይቅርታ ማለት ነበረበት፤ ይህንን ቃል አፉ ለምዶት ስለማያውቅ ጓንቱን አወለቀ።

መምህሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይሻል ነበር። ግን አፍንጫው የሚደማ ሰው ነው፣ ወጣትም ነው፤ ለሰውየው በዓይኑ ማሳየት ፈለገ። ልጅቷን አስጠራት። የአንዲት መምህርት እጅ ይዛ ገባችና በሩ ሥር ቆመች። ከካልሲዋ በላይ፣ ከቀሚሷ በታች፣ አንድ ወይን ጠጅ ሰንበር ብቅ ብሎ ነበር። ርዕሰ መምህርቷ አየችው፤ መምህሩም በግማሽ መነፅሩ አየው። ወድቄ ነው ያለችው ምን እንደሆነ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ገባቸው።

«ነይ» አላት መምህሩ ድምፁን አለስልሶ። «ትናንት የሠራሽውን ለአባትሽ አሳዪአቸው። ከሰባ ሦስት ላይ ሃያ ስምንት።»

ልጅቷ የአባቷን እጆች ታያለች። ከአሥራ ሦስት ላይ ስምንትስ ብሎ ጠየቃት። እጆቹን ታያለች። ከአምስት ላይ ሁለት አላት በመጨረሻ፤ ይሄንን የመጀመሪያ ክፍል ልጅ ይመልሰዋል። ብረቱ መርዳት ፈለገ። «ንገሪያቸው እንጂ የኔ ልጅ» አለ በተቻለው መጠን አለዝቦ። ልጅቷ ከአንገቷ በላይ አመድ መሰለች።

«ቲቸር» አለች፣ «ወደ ደ ይመልሱኝ።»

መምህሩ የመነፅሩን ስብርባሪ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ለርዕሰ መምህርቷ በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገራት። እሷም ለብረቱ ፖሊሱ እስኪደርስ ውጭ በረንዳው ላይ እንዲቆም ነገረችው፤ ዘበኛውን ጠርታ አብረውት እንዲቆሙ አዘዘች። ብረቱ ወጣ። በሩ ከኋላው ተዘጋ። በረንዳው ሲሚንቶ ነው፣ ግድግዳው ስስ ነው፤ ውስጥ የሚነገረው ሁሉ እየተቆራረጠ ይሰማል። ሽማግሌው ዘበኛ ኮሌታቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው ከእሱ ሁለት ክንድ ርቀው ቆሙ።

«ከሰባ ሦስት ላይ ሃያ ስምንት» አለ የመምህሩ ድምፅ እንደገና።

«አርባ አምስት» አለች ልጅቷ።

«ከስልሳ አንድ ላይ አሥራ ዘጠኝ።»

«አርባ ሁለት።»

ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። ብረቱ ይህንን ድምፅ አያውቀውም፤ ቤቱ ውስጥ ሰምቶት አያውቅም። ከዘጠና ላይ ሠላሳ ሰባት ሲባል ሳያስበው ራሱም ማስላት ጀመረ፤ ገና ከዜሮው ላይ ሰባቱን ለማንሳት ሲታገል እሷ «ሃምሳ ሦስት» ብላ ጨርሳለች። ደስ አለው። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ደስ አለው። በደንብ ለመስማት ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተጠጋ። የጫማው ብረት ሲሚንቶውን ነካ፣ ኮቴው ተሰማ።

ውስጥ ድምፁ ተቋረጠ። መምህሩ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ፤ መልስ የለም። ደገመው፤ መልስ የለም። ብረቱ በቆመበት ደረቀ። ትንፋሹን ሳይቀር ያዘ። ጸጥታው ግን አልተነሳም፤ ልጅቷ አባቷ እዚያ በር ኋላ እንዳለ አውቃለች፣ የጫማውን ድምፅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከሩቅ ለይታ ነው ያደገችው።

ዘበኛው ወደ ግቢው በር በአገጫቸው አመለከቱት። እዚያ ሆኖ ፖሊሱን ይጠብቅ፣ ልጅቷን ይተዋት አሉት። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣም አልነበረም፤ የተዋረደ ሽማግሌ ድካም ብቻ።

«አባባ፣ ብንቀሳቀስ ትሰማኛለች» አላቸው ብረቱ በሹክሹክታ። «ጫማዬን ላውልቅ።»

ቁጢጥ ብሎ ማሰሪያውን መፍታት ጀመረ። የቀለም ቀቢው ደም ቋጠሮው ላይ ደርቆ ስለነበር ጣቶቹ ብዙ ታገሉት። ይህንን ደግነት ብሎ የሚጠራ ካለ ይጥራው፤ ቱቦዋ ግን አሁንም ቤቱ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥላለች። ሁለቱን ጫማ በብብቱ ይዞ፣ በተቀደደ ካልሲ፣ ጠጠሩን እየረገጠ፣ እግሩን በቀስታ እያነሳ ሄደ። ሹል ጠጠር ሲወጋው እንኳ ድምፅ አላሰማም። ግቢው በር ሲደርስ ዞሮ አዳመጠ፤ ከዚያ ርቀት ላይ ግን ምንም አይሰማም።